በሁለት ስም የታከምሁበት ጽጌ

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጽጌ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ ጣና ዳር ያለው ሣር ግን ገና አልጠወለገም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በየወሩ መድኃኒት ለሚቀበሉ እናቶች ነው። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ የሕክምናውን ነገር የገባኝን ያህል ብቻ እናገራለሁ። ያልገባኝ ይበዛል። ጥፋቱ የማን ነበር ብትሉኝ ዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም።

መጀመሪያ ያየሁት የድዴን ደም ነው። ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ውኃው ቀላ። መፋቂያው ወግቶኝ ይሆናል ብዬ ተውሁት። በማግሥቱም ቀላ። ሥራዬ ነጠላ መቋጨት ነው፤ ክሩን ጭኔ ላይ እያሸሁ አከርረዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ልብሴን ስለውጥ ጭኔን አየሁት። ክር የማሽበት ቦታ በልዞ ጠቁሯል። ክር ሰውን እንዲህ እንደማያደርግ አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ቋጭቻለሁ።

ለመረዳት እንዲመች ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ልመለስ። በወሩ የማርያም ዕለት ቆሜ ሳስቀድስ ትንፋሼ አጠረና ወደቅሁ። አባ ይትባረክ የነፍስ አባቴ ናቸው፤ የዚያን ቀን ተረኛ አልነበሩም። ባጃጅ አስቁመው፣ ደግፈው ሆስፒታል አደረሱኝ። ባለቤቴ አስማማው ሥራ ላይ ነበር፤ ልጄ ትዕግሥት ትምህርት ላይ። ካርድ ክፍል «ስም?» ሲሏቸው አባ የሚያውቁትን ተናገሩ።

«ወለተ ሐና።»

ይህ የክርስትና ስሜ ነው። እርሳቸው በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። የአባት ስም ሲጠየቁ ወደ እኔ ዞሩ፤ «አለነ» አልሁ። ያን ጊዜ ስሜን ማረም እችል ነበር። ግን የምሞት መስሎኝ ነበር። ብሞት በፍትሐት የምጠራው በዚህ ስም ነው ብዬ ዝም አልሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሞትሁም። የልብሽ አንዱ በር ጠቧል ተባልሁ። በልጅነቴ ጉሮሮዬን ደጋግሞ ሲያመኝ ሳልታከም መቅረቴ ነው ልቤን የጎዳው አሉ። ደም ልብ ውስጥ እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ታዘዘልኝ፤ ሮዝ ኪኒን፣ በቀን አንድ፣ ማታ ማታ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በኮሪደሩ «ወለተ ሐና!» ተብዬ ስጠራ ፍርሃቴ ይቀልልኝ ነበር። ልቆርብ የተጠራሁ ይመስለኛል። ካርዱን ሳላስተካክል ሁለት ዓመት አለፈ።

ድዴ በደማበት ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ፣ ሆስፒታሉ ወረቀቱን ትቶ በኮምፒውተር መሥራት ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በኮምፒውተር ያዛል፣ መድኃኒት ቤቱ እዚያው ያየዋል፣ ስሕተት ይቀንሳል ተባለ። ደስ አለኝ። የሐኪም እጅ ጽሑፍ በስሕተት ተነብቦ ያልታዘዘላትን መድኃኒት የዋጠች ጎረቤት ነበረችኝ።

ሁሉም መታወቂያ ይዞ ይምጣ ስለተባለ ይዤ ሄድሁ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ዘውድነሽ አለነ ነው፤ ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ከዚህ በፊት ካርድ ነበረሽ?»

ልናገር አፌን ከፈትሁ። የጤና መድን ደብተሬም በዘውድነሽ ነው። በሌላ ስም ስታከም ኖሬአለሁ ብል አጭበረበረች የሚሉኝ መሰለኝ። ከኋላዬ ሰው ይገፋል።

«የለኝም» አልሁ።

ዋሸሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ ለእናንተም እናገራለሁ። አሮጌው ካርድ በራሱ ጊዜ የሚቀር መስሎኝ ነበር። የድሮዎቹ ካርዶች አስቀድመው ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጣቸውን አላወቅሁም። ወለተ ሐና ከእኔ ቀድማ ገብታለች።

ያገኘሁት ሐኪም ወጣት ነው። ኮምፒውተሩን እርሱም ገና እየለመደው ስለነበር ዓይኑ ከዚያ አይነቀልም። ሕመሜን ነገርሁት።

«የልብ ችግር አለብሽ። ደም ማቅጠኛ ትወስጃለሽ?»

«እወስዳለሁ።»

«በቀን ስንት?»

«አንድ፣ ማታ ማታ።»

«ጥሩ» አለና ነካ ነካ አደረገ። ወረቀት ከማሽኑ ወጣ። ደሜ የቀጠነበትን ልክ የሚያሳየው ምርመራ ዕቃው ስላለቀ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይሁን ተባልሁ።

መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ድሮ የሚሰጠኝ ሰውዬ የሐኪሙን ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅተው «እናት፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ? የትኛውን ነበር የምትወስጂ?» ይለኝ ነበር። አሁን ሁሉም ጥርት ብሎ ታትሟል። ነጭ ኪኒን ተሰጠኝ። በቀን አንድ፣ ማታ።

እኔም አዲሱ ሐኪም የጨመረልኝ መድኃኒት ነው አልሁ። የታተመ ወረቀት ላይ ምን እጨምራለሁ? ሮዟ ስታልቅ ደግሞ ትዕግሥት፣ እኔ ሳይመቸኝ እንደ ልማዷ፣ በአሮጌው ካርድ ሄዳ ወለተ ሐና ተብሎ የተጻፈበትን መድኃኒት ይዛልኝ መጣች። ልጄ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ እንግሊዝኛ ታነባለች። በእሽጉ ላይ በትልቁ የተጻፈው ግን የፋብሪካው መጠሪያ ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። ከሥሩ በትንሹ ያለውን ማን ያያል? ማታ ጸሎቴን አድርሼ ሮዟንም ነጯንም እውጣለሁ። አንድም ቀን አላሳለፍሁም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው ድዴ የደማው።

ዓባይ ማዶ፣ ከቤታችን ሁለት ቅያስ አልፎ ያለ ክሊኒክ ሄድሁ። ያየኝ ሰው ምላሴን አስወጥቶ፣ የዓይኔን ሽፋን ገልብጦ አየና፣

«ጾም ላይ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

«የጽጌን እጾማለሁ።»

«ይኸው! የፈቃድ ጾም ይዘሽ ደምሽን ትጨርሻለሽ። እንቁላል ብዪ፣ ብርቱካን ብዪ።»

ቫይታሚን ሰጠኝ። ብርቱካኑን በላሁ፤ እንቁላሉን ተውሁት። ደሙ አልቆመም።

ቀጥሎ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ድድሽ ቆሽሿል ብሎ በብረት ጠረገኝ። ምን መድኃኒት እንደምወስድ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። ከዚያ ወጥቼ እስኪመሽ ድረስ ጥጥ ነክሼ ተቀመጥሁ። ትዕግሥት ጥጡን እየለወጠች «እማዬ፣ ይኼ ልክ አይደለም፤ ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ» ትለኛለች። የልቤን ነው የሚያዩት፤ ይህ የጥርስ ነው እላታለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰውነት አንድ መሆኑን የማላውቅ ይመስል።

በሳምንቱ ታላቅ እኅቴ ከመራዊ መጣች። እታለም ነው የምላት። የበቆሎ እሸት በትንሽ ጆንያ ይዛ ነበር። እጇን ላስታጥባት እጅጌዬን ስሰበስብ በልዞ የጠቆረ ክንዴን አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እንጃ።»

«እንጃ የሚባል ዱላ አለ?»

እጅጌዬን መልሼ አወረድሁት። ይህም ነገሩን አባሰው። አስማማው ከሥራ ሲገባ እታለም ብድግ ብላ ጠበቀችው።

«አስማማው፣ እስቲ እጅህን አሳየኝ።»

«ለምን?»

«የመታህበት አብጦ እንደሆነ ልየው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ፊቷን ሲያየው ሳቁን ዋጠው።

«እታለም ሙች! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የምትመታኝ እርሷ ናት፤ ያውም በዝምታ።»

«ቀልድህን ተው! የአለነ ልጅ ሰው የላትም መሰለህ?»

ባለቤቴ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። እንዲህ ብዬ ነገርኋት፤ አላመነችኝም። ለእርሱ የምሸፍንለት መሰላት። እሸቱም ሳይጠበስ አደረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስማማው ከእኔ ጋር መንገድ መውጣት ተወ። ጎረቤት ክንዴን አይቶ ምን ይለኛል እያለ ይሰጋል። እኔ ደግሞ ምን ብዬ እንደማስተባብልለት አላውቅም። ደሜ ለምን እንደሚፈስ ራሴ አላውቅማ።

አባ ይትባረክ ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው።

«ጠበሉን ተጠመቂ፤ መድኃኒትሽን ግን አንድ ቀን እንዳትተዪ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። መታዘዝ በረከት እንደሆነ ነው የተማርሁት። በዚያ ጽጌ ግን ባልታዘዝሁ ኖሮ ደሜ ባልፈሰሰም ነበር። ለሐኪሙም ለካህኑም ታዘዝሁ፤ በሁለቱም ጎዳኝ። ሁለቱም ደግሞ ልክ ነበሩ። ይህን ሳስበው እስካሁን ግራ ይገባኛል።

በጥቅምት ማለቂያ፣ እሑድ ቀን፣ የጽጌ ማኅበራችን ተረኛ ቤት ተሰብስበን ነበር። ቀትር ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳህን ስሰበስብ ከአፍንጫዬ ደም ጠብ አለ። ጎረቤቶቼ ግንባሬን በቀዝቃዛ ውኃ አረጠቡ፤ ነስር ነው፣ ፀሐይ ነው አሉ። አልቆመም። ነጠላዬ ራሰ፤ ሌላ ነጠላ ሰጡኝ፣ እርሱም ራሰ። ሽንት ቤት ስሄድ ደግሞ የወጣኝ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴን ጥሩልኝ አልሁ።

አስማማው በባጃጅ ድልድዩን አሻግሮ ሆስፒታል አደረሰኝ። ድንገተኛ ክፍል ስም ሲጠየቅ መታወቂያዬን አውጥቶ ሰጠ። በዘውድነሽ ተመዘገብሁ። ደሜ ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደሜ እጅግ ቀጥኗል፣ መርጋት ትቷል አሉ። የውስጤ መድማት ቢብስ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ቢፈስ፣ አልተርፍም።

አንዲት ሲስተር ባለቤቴን ከመጋረጃው ውጭ አስወጣችው። አልጋዬ አጠገብ ጎንበስ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረችኝ።

«እናቴ፣ ማንም አይሰማንም። ደም ማቅጠኛውን አብዝተሽ ነው የወሰድሽው?»

«እንደ ታዘዝሁት ነው።»

«ነጩን ኪኒን በቀን ስንት?»

«አንድ።»

«ሌላ የምትወስጂው አለ?»

ሮዟን ልናገር ነበር። የምቀበላት ግን የለኝም ባልሁት ካርድ ነው። ጸሐፊዋ ፊቴ ላይ መጣችብኝ።

«ቫይታሚን» አልሁ።

ሁለተኛ ዋሸሁ። ደሜን ያፈሰሰችው ሮዟ ትሆናለች ብዬ አላሰብሁም። ሁለት ዓመት የጠበቀችኝ ናትና።

ሲስተሯ የበለዘውን ክንዴን ዳሰሰች።

«ባልሽ ያስቸግርሻል? ራሴን ልጉዳ ብለሽ ያሰብሽበት ጊዜ አለ? መኖር ያስጠላሽ?»

የምትለኝ እስኪገባኝ ቆየሁ። ሲገባኝ እንባዬ መጣ። እኔ ቆራቢ ነኝ። ራሷን ልታጠፋ መድኃኒት ቃመች ብለው ጠርጥረውኛል። አይደለም አልሁ። እርሷም ፋይሌ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፤ ማለቴ ኮምፒውተሩ ላይ። ከዚያ በኋላ ለእኔ የሚሰጠውን ኪኒን እርሷ ፊት ካልዋጥሁ አትሄድም። መርዝ ፈልጋ የተገኘች ሴት ሆንሁ። በልቤ እንዲህ አልሁ፦ እመቤቴ፣ በዚህ ስም እንዳልሞት።

ደም የሚያረጋ መርፌ ወጉኝ፤ ከደም ባንክ የመጣ ቢጫ ፈሳሽም ሰቀሉልኝ። በምትኩ ቤተሰብ ደም ይስጥ ስለተባለ አስማማውና እታለም ሄዱ። ትዕግሥት አብራቸው ነበረች፤ የሆነውን እርሷ ናት የነገረችኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተዋቸዋል። አይነጋገሩም። ሲያበቃ አስማማው መርፌው የገባበት ክንዱ ትንሽ በለዘ።

«እታለም፣ እኔም በልዤአለሁ። ማን መታኝ ልበል?»

«ይበልህ!» ብላ ፊቷን አዞረች። ትዕግሥት ግን ከንፈሯ ሊስቅ ሲል አየሁት አለች።

የአፍንጫዬ ደም ቆመ። ድዴ ግን ቆም፣ ደግሞ መጣ ይል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ነን። አጠገቤ ያለችው እናት ሳንባዋን የታመመች ናት፤ በሳል መካከል ጸሎት ታደርሳለች። ደም ስተፋ ሳትጸየፍ ሳህኑን ትይዝልኝ ነበር። እግዚአብሔር ያክብራት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሞቹ ዞረው ከሄዱ በኋላ ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። በዚያ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ ያነጋገረኝ የመጀመሪያ ሰው እርሷ ናት።

«ጥሩወርቅ እባላለሁ። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። እናቴ፣ ልቆጣሽ አልመጣሁም። ኮምፒውተሩ አንድ ኪኒን ነው የወሰደችው ይለኛል። ደምሽ ሁለት ነው ይለኛል። እኔ ደሙን ነው የማምነው።»

«ራሴን አልጎዳሁም» አልሁ።

«አልጎዳሽም። አንድ ሰው ግን ቤትሽ ሄዶ ኪኒን የሚባል ነገር ሁሉ ያምጣልኝ። ሁሉንም።»

አስማማው ሄደ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ፌስታል ሞልቶ መጣ። አልጋዬ ላይ ዘረገፈው። የእርሱ የጨጓራ፣ የትዕግሥት የራስ ምታት፣ የቫይታሚኑ፣ ያለቀ የሳል ሽሮፕ፣ የሆነ ዱቄት።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ጥሩወርቅ።

«የዶሮዎቹ ነው። ሁሉንም ስላልሽ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ድዴ አመመኝ። ጥሩወርቅ ግን መሳቋን ትታ ሮዙንና ነጩን እሽግ አንሥታ ጎን ለጎን ያዘች። በትልቁ የተጻፈውን አልፋ ከሥሩ ያለውን አነበበች። አንዱን ገለበጠች። ሌላውንም ገልብጣ የተጻፈባቸውን ስም አየች።

«ወለተ ሐና ማን ናት?»

«ባለቤቴ» አለ አስማማው።

«ዘውድነሽስ?»

«ባለቤቴ።»

ሳንባዋን የታመመችው እናት ከትራሷ ቀና አለች። «ወንድሜ፣ ሁለት አግብተህ ነው እንዴ አንዷን ብቻ ያስተኛኸው?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርሁ። የወደቅሁበትን ቀን፣ የአባን፣ የጤና መድኑን፣ ጸሐፊዋን፣ ሲስተሯን። ሁለት ጊዜ መዋሸቴን። ሰው ፊት ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። ጥሩወርቅ አላቋረጠችኝም።

«ሮዙም ነጩም አንድ መድኃኒት ነው» አለች ስጨርስ። «የተለያየ ፋብሪካ ስለሠራው ነው መልኩ የተለየው። ኮምፒውተሩ ላንድ ሰው አንድ መድኃኒት ሁለቴ ሲታዘዝ ይጮኻል። ለእርሱ ግን ሁለት ሴቶች ናችሁ። አንዷ አንድ ወሰደች፣ አንዷም አንድ። ምን ብሎ ይጩህ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነዋ።»

«ያንቺም አለበት። የኛም አለበት። ‹ምን መልክ ያለው ኪኒን ነው የምትወስጂው› ብሎ የጠየቀሽ ሰው የለም።»

አስማማው አልጋው ብረት ላይ ተደግፎ ቀረ። እታለም ከሰዓት በኋላ መጥታ ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን አደግድጋ ፊቱ ቆመች።

«አስማማው፣ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር እላለሁ። እሸቱ ግን ይደገማል።»

«አንድ ማዳበሪያ አመጣልሃለሁ» አለች፤ አለቀሰች።

ወጣቱ ሐኪም በማግሥቱ መጣ። ኮምፒውተሩን አልያዘም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሞ፣ «እናቴ፣ የምትወስጂውን ያንኑ መድኃኒት ነበር ያስገባሁት፤ አዲስ አልጨመርሁልሽም ነበር። ይህን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አለ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። የእኔም «የለኝም» ፊቴ ተደቀነብኝ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ለሁለታችንም አዝኖልናል» አልሁት። ሲስተሯም መጣችና ስለ እኔ የጻፈችውን እያየሁ አስተካከለች። ይህ ከመርፌውም በላይ አሻረኝ።

ቀጥሎ የኮምፒውተር ሠራተኛው መጣ። ሁለቱን መዝገብ አንድ ሊያደርግ ነው።

«የቱ ስም ይቅር? የቱ ይጥፋ?» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ መሆን ነበረበት። «ወለተ ሐናን አጥፋት» ለማለት ግን አፌ እንቢ አለ። ዘውድነሽ ደግሞ ራሷን ልታጠፋ ነበር የተባለችው ናት። ነገ ልንገርህ አልሁት። ማታውን አባ ይትባረክ ሊጠይቁኝ መጡ። ተጨንቀዋል።

«ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ልትሞቺ ነበር።»

«አባ፣ ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት። ያላረምሁት እኔ ነኝ። አሁን ግን የክርስትና ስሜን አጥፉ ማለት ከበደኝ።»

ትንሽ አሰቡ። «ያ ስም የተጻፈበት መዝገብ ሌላ ነው። እዚያ ማንም አይሰርዘውም። ለሐኪሞቹ መንግሥት የሚያውቅሽን ስጫቸው።»

ዘውድነሽ ቀረች። ወለተ ሐና የወሰደችው መድኃኒት፣ የተመረመረችው ደም፣ ሁለት ዓመቷ ሁሉ ወደ ዘውድነሽ ተዛወረ።

በስድስተኛው ቀን ደም ማቅጠኛዋን በትንሹ መልሰው ጀመሩልኝ። በዚያው ሰሞን ግሉኮስ የገባበት ክንዴ አመረቀዘ። ተረኛ ሐኪም የቁስል መድኃኒት ሊያዝልኝ ሲነካ ኮምፒውተሩ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ሐኪሙ አነበበና ሌላ መረጠ። ጥሩወርቅ ናት ያሳየችኝ፤ ያ የቁስል መድኃኒት ከደም ማቅጠኛው ጋር ሲገናኝ ደሜን ዳግመኛ እንደዚያው ያቀጥነው ነበር አለች። እንግዲህ ያ ማሽን ሊገድለኝ ነበር ወይስ አዳነኝ? ሁለቱንም አደረገ። በሁለት ስም ሳለሁ አላወቀኝም፤ በአንድ ስም ሲያገኘኝ ጠበቀኝ። ለማሽን ምስጋና አይሰጥም። ለልጅቱ ግን በየዕለቱ እጸልያለሁ።

በአሥረኛው ቀን ተለቀቅሁ። አስማማው ፊት ለፊት፣ ጎረቤት እያየው፣ ክንዴን ይዞ ከባጃጅ አወረደኝ። ቤት ስገባ ብዙ ሰው ጠበቀኝ፤ ስለ ሌላ ሌላው አወሩ። እኔ የማኅበሬን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ አየሁ። አብዛኞቹ ስኳር ወይም ደም ግፊት አለባቸው። አብዛኞቹን ሆስፒታል የሚያደርሷቸው አባ ናቸው።

በማግሥቱ ጠዋት አካሌ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። ትዕግሥት ደግፋኝ ኪዳን አደረስሁ። ሴቶቹ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሜ፣ «እኅቶቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ» አልሁ። ድምፄን ሰምተው ደነገጡ።

«ሆስፒታል ካርዳችሁ በማን ስም ነው?»

ተያዩ። አንዷ «ወለተ ገብርኤል» አለች። አንዷ «ጽጌ ማርያም»። አንዷ እንጃ አለች። እማማ ደብሬ የሚባሉ ባልቴት ምርኩዛቸውን አነሡ። «የእኔስ በምራቴ ስም ነው፤ ዓይኔን ያሳየችኝ እርሷ ናት። ሰላሳ ዓመቴ ነው አሉኝ፤ አልተከራከርሁም።»

ሳቁ። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋቸው። ሳቁ ቆመ።

ዘጠኝ ሆነን በሦስት ባጃጅ ድልድዩን ተሻገርን። ሁሉም መታወቂያቸውን፣ ቤታቸው ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘዋል። ካርድ ክፍሉ ሲከፈት ወረፋውን እኔ መራሁ። መስኮቱ ላይ ቆሜ፣ የእያንዳንዷን ሁለቱንም ስም፣ ሳልቸኩል፣ ለጸሐፊዋ ነገርኋት።